ጣሪያው ላይ ያለው ጥርስ

«ቁራዋ አዲስ ጥርስ እንድታመጣልሽ ብዬ ነው» አለች ሚካል፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የራሷ የፊት ጥርስ ወልቆ አባቷ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ጣሪያ ላይ አስወርውሯታል፤ ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ የወለቀ ጥርስ ምን እንደሚደረግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቷ ውዳሴ ባዶውን የሲኒ ማስቀመጫ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ማታ ከአፏ ሲወልቅ በጥጥ ጠቅልላ፣ የልጅ እጅ አይደርስበትም ብላ ቡፌው ላይ ያስቀመጠችው ጥርስ የለም። ጥጡ ግን አለ። ልጅቷ ወንበር ጎትታ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ጥርሱን አውጥታ፣ ጥጡን በሥርዓት አጣጥፋ፣ ወንበሩንም ወደ ቦታው መልሳ ነው የወጣችው። የቤት ሥራዋን እንኳን እንደዚህ አጣርታ ሠርታ አታውቅም። እሁድ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ትልቅ እንግዳ ይመጣል።

ለውዳሴ መጀመሪያ የመጣላት መጮህ ነበር። ግን ለመጮህ አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፍ ከተከፈተ ደግሞ ላቀው ያያል። ባሏ ላቀው ከመጋረጃው ወዲያ ሬዲዮኑን ከፍቶ ጢሙን እየተላጨ ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫን አድርጋ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «የትኛው ጣሪያ ላይ ነው?» አለቻት።

«እማማ ቤት ላይ። የኛ አጭር ነው፣ ቁራዋ አታየውም።»

እማማ የሚሏቸው አከራያቸውን ነው። መካኒሳ አቦ ባለው በዚህ ግቢ ውስጥ የእማማ ቤት ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ ቆሟል፤ የእነ ውዳሴ ሁለት ክፍል ከኋላው ተለጥፎ በወር መቶ ሰማንያ ብር ይከራያል። ትልቁ ቤት ላይ ያለ መሰላል አይወጣም። መሰላል ያላት ደግሞ ጎረቤታቸው ዙሌካ ብቻ ናት፤ የእሷም ባል ቀለም ቀቢ ነውና መሰላሉን ተሸክሞ ገና በማለዳ ፉሪ ሄዷል፤ እዚያ በየቀኑ አዲስ ቤት ይሠራል። ከአሥር ሰዓት በፊት አይመለስም። ውዳሴ ይህን ሁሉ የሰማችው በአጥር በኩል ሆና፣ «ለመጋረጃ ነው የፈለግኩት» ብላ ዋሽታ ነው። ዙሌካ ሳቀችና «መጋረጃሽ ጣሪያ ላይ ነው እንዴ የሚሰቀለው?» አለቻት። ውዳሴ ለመሳቅ ቃጣትና ተወችው። ቀና ብላ አየች። የጥቅምት ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ አርፋለች፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ቁራዎች ቆመዋል፣ እንደ ተቀጠሩ ዘበኞች።

ያ ጥርስ ጥርስ አይደለም፣ ሽፋን ነው። ፖርሴሊን ይባላል። ውዳሴ ተወልዳ ያደገችው መቂ ነው። የመቂ የጉድጓድ ውሃ ልጆችን ያሳድጋል፣ ጥርሳቸውን ግን የሻይ ቀለም አድርጎ ነው የሚያሳድገው። እናቷ በቀለች ከመንዝ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የመጣች ስለሆነች ውሃው አልነካትም፤ እንደ ወተት የነጣ ጥርስ አላት። አባቷ ዲንሳና ልጆቹ ሁሉ ግን ያው ናቸው። መቂ ላይ ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም አንድ ነው። ውዳሴ አዲስ አበባ መጥታ ታይፒስት ሆና ስትቀጠር ነው ነገሩ የጀመረው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ባልደረባዋ፣ ለክፋት ሳይሆን እንዲሁ ለጨዋታ፣ «ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውዳሴ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እቁብ ሲደርሳት በቀጥታ የሄደችው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው።

ዶክተሩ ሐቀኛ ሰው ነበሩ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ነግረዋታል። እንደ ወርቅ አያብለጨልጭም፣ የራስ ጥርስ ይመስላል፣ ሻይም ቡናም አያጠቁረውም፣ ደህና ከያዝሽው ዓመታት ያገለግልሻል፤ ይህ ጥቅሙ ነው አሏት። ጉዳቱ ደግሞ፣ ለሽፋኑ ቦታ እንዲገኝ ጤነኛው ጥርስሽ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ቀዝቃዛ ነገር ሊሰማሽ ይችላል። ከሲኒ ዘር ስለሆነ ጠንካራ ነገር ከነከስሽበት ይሰነጠቃል። ድድሽ ሲሸሽ ከሥሩ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ማጣበቂያውም ዕድሜ አለው፣ አንድ ቀን ይለቃል። «አስቢበት» አሏት። ውዳሴ የሰማችው «የራስ ጥርስ ይመስላል» የሚለውን ብቻ ነው። አንዱ ሁለት መቶ ብር፣ የላይኞቹ ስድስት፣ ከነበረው ቀለም ሁሉ ነጩን መረጠች። የታችኞቹ ስትስቅ ስለማይታዩ ገንዘቡም ስላልበቃ ተተዉ።

ከሁለት ወር በኋላ ላቀውን አወቀችው። የመጀመሪያው ቀን የነገራት ነገር «ሳቅሽ ደስ ይላል» የሚል ነው። ምን ትበለው? ሲቆይ ወሬ በወሬ መቂ ተነሳና፣ «እኔ እንኳን ጡት ሳልጥል አክስቴ ወስዳኝ ቄራ ነው ያደግኩት» አለችው። የታችኞቹ ለምን ጠቆሩ ሲላት «በልጅነቴ የወሰድኩት መድኃኒት ነው» አለችው። እናቷን አስጠናች፣ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረችውን እህቷን ገዲሴንም አስጠናች። ውሸቱ ትንሽ ነበር፤ የጥርስ ያህል። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲመገብ የኖረ ውሸት ነው፤ ብዙ ነገር በላ። አሁን ገዲሴ ዓመት ሆኗታል ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመረች። ራት ላይ ስለ መቂ ማውራት ትወዳለች፤ ሐይቁ ዳር ቲማቲም ስለሰረቁበት ቀን፣ አህያ ላይ ለሁለት ተቀምጠው ስለወደቁበት ቀን። በወሬው ውስጥ ውዳሴ የለችም። ገዲሴ ውዳሴን በተናገረች ቁጥር «አንዲት ጎረቤታችን የነበረች ልጅ» ትላለች፤ ላቀው ይስቃል፤ ውዳሴም ከማታውቃት ልጅ ጋር እንደሚስቅ ሰው ትስቃለች።

ማድ ቤት ስትገባ ገዲሴ ለእንግዳው ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የሆነውን ስትነግራት ገዲሴ እጇን በውሃው ውስጥ እንዳለ ተወችውና በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ያ ቡናማ ጥርሷ ሁሉ ወጣ። ውዳሴ ላንድ አፍታ ቀናችባት፤ እንደዚያ አፍን ከፍቶ መሳቅን እሷ ረስታዋለች። ወዲያው ግን «ዛሬ እንደዚህ እንዳትስቂ። ስትስቂ እጅሽን አፍሽ ላይ አድርጊ» አለቻት። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ገዲሴ ሳቋን አቆመችና ብርጭቆውን ማጠብ ቀጠለች።

ዛሬ የሚመጡት እትዬ ተናኘ ናቸው፤ የራጉኤል አክስት፤ ከብስራተ ገብርኤል። ራጉኤል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ገዲሴ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የተቀደደ ጃኬት ይዞ መጥቶ፣ ከዚያ ያልተቀደደም ይዞ እየመጣ፣ ስድስት ወር ሙሉ ተመላልሷል። እናቱ ስለሞተች ያሳደጉት እኚህ አክስቱ ናቸው፤ ያለእሳቸው ቃል ሽማግሌ አይልክም። ሴትየዋ ዛሬ የሚመጡት ቀሚስ ለማስለካት ነው ተብሏል። ሁሉም ሰው ግን የሚለካው ቀሚስ እንዳልሆነ ያውቃል።

«ራጉኤል ነግሮኛል» አለች ገዲሴ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሳ። «ሌላው ሁሉ አልቋል። እሳቸው የሚፈሩት ጥርሴን ነው። በሽታ ነው፣ የዘር ነው፣ ወደ ልጅ ይሄዳል ብሏቸዋል ሰው። እኔ ውሃው ነው ብላቸው እኔን አያምኑኝም። አንቺ ግን…» ቆም አለች። «አንቺ ብትነግሪያቸው፣ ያው፣ ሚካልን አይተው ያምናሉ።»

«ምን ብዬ?»

«ያው፣ ታውቂዋለሽ።»

«ላቀው ቁጭ ብሎ?»

ገዲሴ ብርጭቆውን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ተይው በቃ» አለች። ውዳሴም ተወችው፤ ተይው የተባለ ነገርን መተው ደግሞ ቀላል ነው። ሽንኩርት አንስታ መክተፍ ጀመረች፤ ሻይና ብስኩት ለሚቀርብለት እንግዳ ሽንኩርት ምን እንደሚያደርግ ራሷም አላወቀችም።

እትዬ ተናኘ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ኪሎ ሙዝና ጨርቃቸውን በፌስታል ይዘው ደረሱ። ረጅም፣ ጠየም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴትዮ ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ ውዳሴ በኋላ ስታስበው ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ባለ ሦስት ሶፋ፣ ቡፌው፣ አልጋው የሚታይበት መጋረጃ። ላቀው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸውና በርጩማ ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚካል አባቷ ጉልበት ላይ ተደገፈች። ውዳሴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድዴ አብጦብኝ ነው» አለች። እትዬ ተናኘ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪበት» አሏት። ስለ ሥጋ መወደድ ተወራ። ኪሎው አሥራ ስድስት ብር ገባ ተባለ፤ ላቀው አሥራ ስምንትም አለ አለ፤ እትዬ ተናኘ «ኧረ በስመ አብ» አሉ። ከዚያ ሁሉም ሻዩን አማሰለ። 

ገዲሴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ጨርቁ አረንጓዴ ባለ ነጭ አበባ ነው፤ እየዘረጋች አየችውና በሥራዋ ጊዜ እንደምትሆነው ደልደል አለች። ትከሻቸውን ለካች፣ ደረታቸውን ለካች፣ ጨርቁን ሰውነታቸው ላይ ጣል አድርጋ እጥፋቱን በስፒል ያዘች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ነው የያዘችው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ትይዛለች፤ ዛሬ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ብዙ ስፒል የያዘች መሰላት ለውዳሴ። እትዬ ተናኘ የልጅቷን እጅ አዩ፣ ሥራዋን አዩ፣ ወደዱት። «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ፊቷ ከፊታቸው ሲቀራረብ አፏን አዩ። እዚያው ላይ ቆዩ። ገዲሴ የመጨረሻውን ስፒል ሰካችና ሌላ የምትደበቅበት ስላጣች አፏን ዘግታ ቆመች።

«እንግዲህ ዕድሜዬ ነው፣ ነገር መጠምዘዝ አልችልበትም» አሉ እትዬ ተናኘ፣ ወደ ውዳሴ ዞረው። «ልጅቷን ወድጃታለሁ። ራጉኤልም እሷን ካላገኘሁ ብሎ እህል አልበላ ብሏል። እኔ ግን አልወለድኩም፣ ያለኝ እሱ ነው፤ የእሱን ልጅ ነው የምጠብቀው። ሰው ይጠይቀኛል፣ መልስ የለኝም። ይሄ የጥርሷ ነገር የዘር ነው ወይ? እንዳትቀየሙኝ፤ እናንተ ቤተሰብ ናችሁ፣ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ገዲሴ ውዳሴን አየቻት። ልመና አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም፤ በልጅነታቸው ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ ትልቋ እጇን እስክትዘረጋ የምታያት አስተያየት ነው። ውዳሴ ነጠላዋ ውስጥ ምላሷን ባዶው ቦታ ላይ አገኘችው፤ ጉቶው ሻካራ ነው፣ አየር ሲነካው ይጠዘጥዛል። መናገር ቀላል ነበር። እኔም የመቂ ልጅ ነኝ፣ የኔም እንደ እሷ ነበር፣ ልጄን ደግሞ እዩዋት። ሦስት ዓረፍተ ነገር። በሩ አጠገብ ግን ላቀው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን ታች እያየ ነው።

«ውሃው ነው ይላሉ» አለች። «እኔ እንኳን አክስቴ ጋ ቄራ ስላደግኩ፣ ብዙም አላውቀው።»

«እሱስ ውሃ በሆነ» አሉ እትዬ ተናኘ። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ አፍሽን ክፈቺልኝ።» ሚካል ሄዳ አፏን ከፈተችላቸው። የወለቀችው ቦታ ላይ አዲሷ ጥርስ እንደ ሩዝ ፍሬ ብቅ ብላለች፤ ነጭ ናት። እትዬ ተናኘ ፈገግ አሉና ወዲያው ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። «የእሷማ ያምራል። ግን ራጉኤል እናቷም ጥርሷ ነጭ ነው ስላለኝ በእሷ ማወቅ አይቻልም።»

«የእማዬም ወልቋል» አለች ሚካል፣ የአፏ ጉዳይ ከተነሳ አይቀር ብላ። «ጣሪያ ላይ ነው። እኔ ነኝ የወረወርኩላት።»

 እትዬ ተናኘ መጀመሪያ ሳቁ። «የእማዬም? ያንቺ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ውዳሴ ነጠላ መጣ፤ ሳቁ እዚያ ላይ ሊያልቅ ሲል ውዳሴ ቀደመቻቸው።

«አትዋሺ!» አለች። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «እንግዳ ፊት ውሸት? ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«አልዋሸሁም! ጥጡ ውስጥ የነበረው—»

«ሚካል! ውጪ!»

ልጅቷ አባቷን አየች። ላቀው ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሚናገር መሰለ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አነሳ። አክስቷን አየች። ገዲሴ ጎንበስ ብላ መሬት ላይ ያልወደቀ ስፒል ትፈልጋለች። ሚካል ወጣች፤ ከውጭ ድምፅዋን አፍና ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ውዳሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።  ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሷ ዋሽታለች፣ እህቷንም አስዋሽታለች፤ እውነት የተናገረን ሰው ውሸታም ስትል ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም የገዛ ልጇን። እትዬ ተናኘ «አይ ልጅ» አሉና ሻያቸውን ጨረሱ። ሲነሱ ስፒሎቹን ራሳቸው አንድ በአንድ ነቅለው ለገዲሴ ሰጧት፤ ጨርቁን አጣጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ መለሱት። «እንዲያው አሁን አልቸኩልም፣ ሌላ ቀን ይዤው እመጣለሁ» አሉ። የተለካ ጨርቅ ከልብስ ሰፊ ቤት ተመልሶ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ገዲሴን የሚያስተምራት አያስፈልግም። ላቀው ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ።

ገዲሴ አላለቀሰችም። ጥሩ ቀሚሷን አውልቃ የሥራ ልብሷን ለበሰች፤ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ የዙሌካ ባል ቀደም ብሎ ገብቶ ኖሮ ሄዳ መሰላሉን ተሸክማ መጣች። ውዳሴ «ተይ እኔ እወጣለሁ» አለች፤ ገዲሴ መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ቆርቆሮው ከእግሯ ሥር ሲንኳኳ እማማ «ማነው ጣሪያ ላይ?» ብለው ጮኹ፤ ገዲሴ «እኔ ነኝ እማማ፣ የልጅ ነገር ወድቆ ነው» አለቻቸው። ሁለት ጥርስ ይዛ ወረደች፤ የሚካልንም አግኝታ ነበር። ሁለቱንም ውሃ አፍስሳ አጠበችና በዚያው የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ውዳሴ ፊት አስቀመጠችው። የልጅቷ ትንሽ ናት፣ ጠርዟ ላይ የደረቀ ደም አለ። የውዳሴዋ ትልቅና ነጭ ናት፣ ውስጧ ግን ክፍት ነው።

«አንዱ ስንት ነበር?» አለች ገዲሴ።

«ያኔ ሁለት መቶ ብር።»

«አሁንስ?»

«አላውቅም። ምነው?»

«እኔም ላሠራ ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

ውዳሴ ነጠላዋን ገለጠች። ሰባት ዓመት ለማንም ያላሳየችውን፣ በመስታወትም ደፍራ ያላየችውን ለእህቷ ከፍታ አሳየቻት። ዶክተሩ የነገሯትን ሁለተኛውን ግማሽ፣ ያኔ ያልሰማችውን፣ ቃል በቃል ስታስታውሰው ገረማት። ጤነኛ ጥርስ ነው የሚሞረደው አለቻት። ክረምት ክረምት ውሃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ሙዝ እንኳን በጎን ጥርሴ ነው የምበላው። ይሄ ጥቁር መስመር አምና ነው የመጣ። ትናንት የለቀቀው ሚካል ግማሹን ያካፈለችኝ ከረሜላ ላይ ነው። ገዲሴ ቀርባ አየች፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደምታስገባ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። በትልልቅና ነጫጭ ጥርሶች መካከል ቀጭን፣ ቢጫ ጉቶ ቆሟል።

«ይሄ ብቻ ነው የቀረሽ?»

«ይሄ ነው።»

ገዲሴ ምላሷን በጥርሶቿ ላይ አዞረች። «የኔስ ሙሉ ነው» አለች በመጨረሻ። ኩራት አልነበረበትም፤ ለራሷ ነው የነገረችው።

ላቀው የገባው ያኔ ነው። ውዳሴ ነጠላዋን ለመሳብ ጊዜ አላገኘችም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠረጴዛውን አየ፣ ማስቀመጫውን አየ፣ የሚስቱን አፍ አየ። ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለና «ተገኘ?» አለ። ልክ የጠፋ ቁልፍ እንደሚጠየቅ። ውዳሴ አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ታውቅ ነበር?»

«የታችኞቹ የመቂ ናቸው እኮ፣ ውዴ» አለ ላቀው። «ሥራዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝዋይና መቂ ያመላልሰኛል። እንደዚያ የሚያደርግ መድኃኒት የለም።» ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የማሾፍ ነገር አልነበረም፤ እሱም ያፈረ ይመስላል። «አንቺ ካልነገርሽኝ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ሲቆይ ደግሞ መጠየቅ ከበደኝ። ዛሬ እንኳን… እናገራለሁ ብዬ ነበር። አንቺን ማሳፈር ይሆናል ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ወደ ገዲሴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ተናኘ እግዜር ያለው ይሆናል አሉኝ። አቦን ሳልሳለም አልሄድም ብለው ከመታጠፊያው መለሱኝ።»

 ውዳሴ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስቱንም በየተራ አሰበቻቸው። እህቷ ታውቃለች፣ ባሏ ያውቃል፣ ልጇ ታውቃለች። ያ ሁሉ ዓመት በአራት ሰው ቤት ውስጥ ከሦስቱም ያልተደበቀን ነገር ስትደብቅ ኖራለች፤ ዛሬም ለእሱ ስትል የገዲሴን ትዳር ጣለች። ብትናገር የምታጣው ምንም አልነበረም፤ ምንም። ይህን ስታውቅ ያፈረችው ማፈር ከጥርሱም ከውሸቱም ይበልጥ ነበር። የገዲሴን ዓይን ማየት አቃታት።

ሚካል በሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል። ማስቀመጫው ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች አየች፤ ከዚያ እናቷን። «አልዋሸሁም» አለች፣ ለአባቷ።

«አልዋሸሽም» አለች ውዳሴ። አፏን አልሸፈነችም። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ነይ፣ እዪው።» ሚካል ቀርባ በጣቷ ጫፍ ጉቶውን ነካችው፤ ውዳሴን እስከ ጆሮዋ ወጋት፣ ግን አልሸሸችም።

«ታዲያ ለሴትየዋ ንገሪያት» አለች ሚካል።

ውዳሴ ገዲሴን አየቻት። ገዲሴ ሜትሯን እየጠቀለለች ነበር። «አሁን?» አለች፣ ቀና ሳትል።  ያቺን አንዲት ቃል ውዳሴ ይዛት ተነሳች። ጥርሷን ከማስቀመጫው አላነሳችም። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ከቤታቸው እስከ አቦ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ በር በሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ደህና ዋላችሁ ወይ?» አሏት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በተከፈተ አፍ፤ ሴትየዋ አዩና አጎነበሱ። ባለሱቁ «እሜቴ፣ ምን ነካሽ?» አላት። ሁለት የቢሮዋ ሰዎች ከታክሲ ሲወርዱ አገኘቻቸው፤ ሰላም አለቻቸው፤ ሲተያዩ አየቻቸው። እጇ በልማድ ወደ አፏ ሊሄድ ይነሳል፤ ሚካል ይዛዋለች፤ ነፃ የነበረውን ሌላውን እጇን ደግሞ ራሷ ጨብጣ ያዘችው። በእያንዳንዱ እርምጃ ታፍር ነበር። ብትል ብትል ሐፍረቱ አልለቀቃትም።

እትዬ ተናኘ ተሳልመው ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየወጡ ነበር። ፌስታሉን በክንዳቸው አንጠልጥለውታል፤ አረንጓዴው ጨርቅ በአፉ ብቅ ብሏል። ውዳሴን ሲያዩ ቆሙ፣ የረሱት ዕቃ ይዛ የመጣች መስሏቸው እጃቸውን እየዳበሱ። ውዳሴ ፊታቸው ደርሳ ቆመች። ለመናገር ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መቂ፣ ስለ ዶክተሩ። ሁሉም ጠፋት። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ሆና አፏን ከፍታ፣ ሴትየዋ ያንን ጉቶና የታችኞቹን ቡናማ ጥርሶች እስኪያዩና ዓይናቸው እስኪረዳው ድረስ ጠበቀች።

«እትዬ ተናኘ» አለች፣ «ልጄ አልዋሸችም።»